ስድሳ አራት ጣውላ

ግንቦት 26

ዛሬ የወንድሜ ጠበቃ ቢሮ ሄድን፤ እኔ፣ ታላቅ እህታችን እትዬና የወንድሜ ልጅ። ወንድሜ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። እትዬ በየእርከኑ እየቆመች ምድር ቤት ያለ ጠበቃ አጥቶ ነው ወይ እያለች ሟቹን ወቀሰች።

ወንድሜ የእንጨት ሥራ ቤቱን፣ ማሽኖቹንና ያከማቸውን ጣውላ በሙሉ ለልጁ ትቶላታል። በቀጥታ ግን አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላት በአደራ እንዲቆይ፣ ባለአደራውም እኔ እንድሆን ጽፏል። አሁን ሃያ ሁለት ናት። አራት ዓመት ማለት ነው።

ጠበቃዋ ብዙ ተናገረች። ንብረቱ በእኔ ስም ይሆናል እንጂ የእኔ አይደለም፣ ከራሴ ንብረት ጋር አይቀላቀልም፣ ለራሴ ልገዛው አልችልም፣ ልጅቷ ተጠቃሚ ትባላለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን በደንብ አልሰማሁም። «ይጠብቃሉ» ያለችው ጆሮዬ ላይ ቀረ። መጠበቅ አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሆስፒታል ግምጃ ቤት ጠብቄአለሁ፤ የተረከብኩትን ሁሉ ቆጥሬ አስረክቤ ነው የወጣሁት። ሠራተኛው «ጋሼ ማኅተሙ» ይለኝ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ሦስት ገጽ ሰነድ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝና ቤት ሄደው ረጋ ብለው ያንብቡት አለችኝ። ፖስታውን እንደታሸገ፣ ቆርቆሮ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ደረጃውን ስንወርድ እትዬ ክንዴን ያዘችና «አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ቀደም እስክትል ጠብቃ ደግሞ «ለአንተ አልነግርህም፤ አንተ ታውቀዋለህ» አለች።

አውቀዋለሁ።

ግንቦት 29

ቆጠራ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። ልጅቷ አብራኝ ዋለች። አባቷ «ስንጥር» ነበር የሚላት፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ከገባች ስለማትወጣ። እኔም እዚህ እንደዚያው እጽፋታለሁ።

መጋዝ ሰባት። መሮ ሃያ ሦስት። ሞርሳ አራት። ትልቁ የመላጊያ ማሽን አንድ። ስንጥር ቆጠራ አታውቅም። አንዱን መሮ ታነሳና «ይሄ ሰነፉ ነው፣ በየቀኑ ካልሳሉት አይሠራም» ትላለች፤ ሌላውን «አባዬን የቆረጠው ይሄ ነው» ትላለች። የምፈልገው ቁጥር ነው አልኳት።

ጣውላው ስድሳ አራት ነው። ወንድሜ ከሚፈርስ ሕንፃ ሁሉ እየለቀመ፣ እያገላበጠ፣ አሥራ አምስት ዓመት ያደረቀው። ስንጥር አንዱን በጣቷ አንጓ አንኳኳችና ጆሮዋን አስጠጋች።

«ይሰማሉ አጎቴ? እንዲህ የሚጮኸው ሲደርቅ ነው።»

ሰማሁ አልኳት። አልሰማሁም።

ልንወጣ ስንል አንዲት ትንሽ የእጅ መላጊያ ይዛ አየኋት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አባቷ የሰጣት መሆኗን ነገረችኝ። ማስረጃ አለሽ ወይ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ ተመዝግባለች፤ ምን ላድርግ? ስለቷ እንዳይጎዳ በጎን አስተኝታ አስቀመጠቻትና ወጣች።

ሁለት ቁልፍ ቆለፍኩ። ሰም አቅልጬ በአሮጌው ማኅተሜ አተምኩ። እጄ አልረሳውም። ደስ አለኝ፤ በወንድም ሐዘን ውስጥ ይህን መጻፍ ነውር ካልሆነ።

ሰኔ 3

ባለቤቴ ኩርፊያ ላይ ናት። ወገቧን ስለሚያማት ወንድሜ ለክቶ አንዲት በርጩማ ሠርቶላት ነበር፤ እዚያ ላይ ተቀምጣ ነው ልብስ የምታጥበው። ዛሬ ወስጄ ከሟቹ ዕቃ ጋር አስገባኋት። እትዬን ምስክር አድርጌ ማኅተሙን ፈታሁ፣ መልሼ አተምኩ፣ በዝርዝሩ ላይ ጨመርኩ። ነገ አንዱ ገብቶ የሟች ዕቃ ባለአደራው ቤት አየሁ ቢልስ?

«መቀመጫዬንም አሰርካት» አለችኝ ባለቤቴ። «ዋስ ልጥራላት?»

ሰኔ 9

ስንጥር መጣች። አልቀመጥም አለች።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ለቤተ መጻሕፍታቸው ሃያ መደርደሪያ ለአባቷ አዘው ነበር። ሲሞት ለፋብሪካ ሊሰጡት አሰቡ። እሷ ሄዳ እኔ እሠራዋለሁ አለቻቸው፤ እጇን አይተው ነው መሰል እሺ አሉ። እስከ ነሐሴ 15 ካስረከበች የትምህርት ቤቱ ወንበርና ጠረጴዛም ወደፊት የሷ ሥራ ይሆናል፤ ካልደረሰች ለፋብሪካው ነው። እንጨቱ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ሙያው አላት፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

በጨዋ ደንብ አስረዳኋት። አንዱ ጣውላ ከወጣ ስድሳ ሦስት ይሆናል። ስድሳ ሦስት ከሆነ ደግሞ አንድ የት ደረሰ የሚል አይጠፋም። አራት ዓመት እንደ ውኃ ያልፋል። ሃያ ስድስት ሲሞላሽ በሩን እከፍትልሻለሁ፣ አባትሽ እንደተወው ታገኚዋለሽ፣ አንዲት ብሎን አትጎድልም አልኳት።

«እኔ ግን እስከዚያ አባቴ እንደተወኝ አልቆይም» አለች።

ባለቤቴ ሻይ ይዛ ስትመጣ ልጅቷ ሄዳለች። ባለቤቴ ሻዩን አስቀምጣ «ሰውዬው ቁልፍ አግብቷል፤ እኔ ቅምጥ ነኝ» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

የሚያንገበግበኝ ለራሷ ብዬ መሆኑን አለመረዳቷ ነው። ነገ «አጎቷ ጣውላውን አስጨረሳት» ቢባል የሚሰማኝ ማነው?

ሰኔ 17

ከወንድሜ ጋር ሃያ ዓመት የሠራው ቀለም ቀቢ ቤቴ ድረስ መጣ። እግሩን ያመዋል፤ በዚያ እግሩ ነው በእግር የመጣው። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ቫርኒሽ ሥራ ፈትቶም አልለቀቀውም።

ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ የሥራ ቤቱ ጣራ በምሥራቁ ጥግ ያፈሳል፤ ወንድሜ በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ይደፍነው ነበር፤ ዘንድሮ አልደፈነም። ሁለተኛ፣ በየግንቦቱ ከመደርደሪያው እግር ሥር የምስጥ መድኃኒት ያፈስ ነበር፤ ዘንድሮ አላፈሰም። ለግንቦት መቼ ደረሰና።

«እንጨት ይተነፍሳል ጋሼ» አለኝ። «ታፍኖ ዝናብ ከመታው አበቃለት። አንድ ቀን ይክፈቱልኝ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ገንዘብም አልፈልግ።»

አመሰግናለሁ፣ አስብበታለሁ አልኩት። ገንዘብ ያልፈለገ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ሰኔ 18

አሰብኩበት። ከአደራው ወጪ ባደርግ ነካው ይባላል። ከኪሴ ባወጣ ነገ ድርሻ ሊጠይቅ ነው ይባላል። ቀለም ቀቢውን ባስገባው አንድ ነገር ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? የሚሻለው እንዳለ መተው ነው። ያልነካኸው ነገር አያስጠይቅህም።

ሰኔ 25

ዝናብ። ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑንም። ማኅተሙን ሄጄ አየሁ፤ ደህና ነው።

ሰኔ 28

ዝናብ። ማኅተሙ ደህና ነው። ለእትዬ ስልክ ደውዬ ምስክር ሁኚኝና ጣራውን እንይ አልኳት። በዚህ ጭቃ አልወጣም አለች። ያለ ምስክር ማኅተም አይፈታም።

ሐምሌ 2

ጠበቃዋ ደወለች። ለስንጥር ስለ ንብረቱ ያሳወቅኳት ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የከሰሰኝ ሰው አለ ወይ አልኳት።

ማንም አልከሰሰዎትም አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ያ ነው ያናደደኝ። ባለአደራ ተጠቃሚዋን በየጊዜው ማሳወቅ አለበት፣ የሚበላሸውን ማስጠገን አለበት፣ ንብረቱ እንዲጠቅማት ማድረግ አለበት፣ እንደ ጥንቁቅ አባወራ ማስተዳደር አለበት። እኔም ቁልፉ እጄ ላይ እንደሆነና ማንም እንዳልገባ ነገርኳት።

«ዘበኛማ ቢፈለግ በወር ደመወዝ ይቀጠር ነበር» አለችኝ። «ሰነዱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁሉም አለ። አንብበውታል አይደል?»

አዎን አልኳት።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዴት እንደሠራሁ ብታውቅ እንዲህ አትናገረኝም ነበር። አንድ ዓመት፣ ብርዱ የጠናበት ሰሞን፣ የልጆች ክፍል ነርስ ብርድ ልብስ ስጠኝ ብላ መጣች። ሁለት መቶ ብርድ ልብስ ነበረኝ። የፈቃድ ፊርማ ግን አልነበራትም፤ ፈራሚው ለስብሰባ ወጥቶ ነበር። አልሰጠሁም። አለቀሰችብኝ። በዘጠኝ ዓመቱ ሳስረክብ ሁለት መቶውም ነበሩ። ብል ገብቶባቸው ሲዘረጉ እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፉ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ልክ ነበር። ኮሚቴው «ሙሉ» ብሎ ፈረመ። የምስክር ወረቀቱ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው። ባለቤቴ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርገው ነበር፤ አሁን ትታዋለች።

ሐምሌ 6

ስለ አባታችን ሣጥን ልጽፍ ነው። ይህን ደብተር የሚያነብ የለም።

አባታችን አናጢ ነበር። ሊሞት ሲል እኔ አሥራ ዘጠኝ፣ ወንድሜ አሥር ዓመታችን ነበር። እጄን ይዞ ከአልጋው ሥር ያለውን የመሣሪያ ሣጥን አሳየኝ። «የአንተ እጅ ለእስክሪብቶ ነው። ይሄ የታናሽህ ነው፤ ሲያድግ ስጠው፣ አደራ» አለኝ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

በዓመቱ የግምጃ ቤት ሥራ ተገኘ። ለቃለ መጠይቁ ሙሉ ልብስ ያስፈልግ ነበር፤ ጫማም። ሣጥኑን ከነመሣሪያው ሸጥኩት። ከመጀመሪያው ደመወዜ ልተካው አሰብኩ። ከዚያ ከሁለተኛው። ከዚያ ማሰቡን ተውኩት። ሥራ ስጀምር አለቃዬ ስለ ልብሴ አመሰገነኝ።

ወንድሜ በአሥራ ስድስት ዓመቱ በተዋሰው መጋዝ ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት እየተዋሰ ሠራ። ሣጥኑ የት ደረሰ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ በልጅነቱ አልጠየቀ፣ ሲያገባ አልጠየቀ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳስታምመው አልጠየቀም። እትዬም በግልጽ ተናግራኝ አታውቅም። ሁለት ሰው ዕድሜ ልክ ዝም ሲልህ ጆሮህ ይደነቁራል።

አሁን አደራውን ለእኔ ሲሰጠኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። እየፈተነኝ ነው። ከመቃብር ሆኖ ሊያየኝ ነው። በዚህኛው አያገኘኝም።

ሐምሌ 11

ገበያ ስወጣ ስንጥርን በመስኮት አየኋት። የፈርኒቸር መሸጫ ውስጥ ተቀጥራለች። ከፋብሪካ የመጣ ቁም ሣጥን ትገጣጥማለች፤ የእንጨት ዱቄት በሙጫ ተጋግሮ ከላዩ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት። ብሎን ታጠብቃለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፣ ታጠብቃለች። ሻጩ ከኋላዋ ለደንበኛ «ይሄ ዕድሜ ልክ ነው» ይላል። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ሳታየኝ አለፍኩ። ወይም አየችኝ።

ሐምሌ 19

ማኅተሙን አየሁ። ደህና ነው። ከበሩ ሥር ጀምሮ በግድግዳው ላይ እንደ ክር የቀጠነ የጭቃ መስመር ወጥቷል፤ ዝናቡ የረጨው ይሆናል። ማኅተሙን አልነካውም።

እትዬ ደወለች። ሰፈር ውስጥ ሰው ሁሉ እያመሰገነኝ ነው አለች። «እንዲህ ነው ባለአደራ፣ ዝንብ አላስገባም» ይሉኛል አሉ። ደስ ብሎኝ ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ሐምሌ 28

ከጠበቃዋ ደብዳቤ። ስንጥር ንብረቱን ለማየት ጠይቃለች፣ መብቷ ነው፣ ነሐሴ 4 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይከፈትላት። የማልከፍት ከሆነ ባለአደራ ይቀየርልኝ ብላ ፍርድ ቤት ትሄዳለች።

ይህች ልጅ ኩፍኝ ሲይዛት ሦስት ቀን ያቀፍኳት ናት። ዛሬ በጠበቃ መጣችብኝ።

ለእትዬ አነበብኩላት። ቁልፉን ፈልጋ ነው፣ ልብህ እንዳይራራ አለችኝ። ልቤ አይራራም። ይምጡ። ቆጥረው ይዩት።

ነሐሴ 3

ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩ። በግራ የተመዘገበ፣ በቀኝ የተገኘ። ሸሚዜን ባለቤቴ አልተኮሰችልኝም፤ ራሴ ተኮስኩ።

ነሐሴ 4

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ጠበቃዋ፣ ስንጥር፣ ቀለም ቀቢውና እኔ ነበርን። እትዬ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። ማኅተሙን ለሁሉም አሳየሁ፤ አልተነካም። ጠበቃዋ አዎን አለች። ሁለቱን ቁልፎች ከፈትኩ። በሩ አልከፈት ብሎ ቀለም ቀቢው በትከሻው ገፋው።

ሽታው ቀድሞ ወጣ፤ እርጥብ ጓዳ የሚሸተው ዓይነት።

ዝርዝሬን አውጥቼ ጀመርኩ። መጋዝ ሰባት፤ አሉ። መሮ ሃያ ሦስት፤ አሉ። ዝገት ነበረባቸው፣ ቢሆንም አሉ። ትልቁ ማሽን አለ። ከጣራው ጥግ ውኃ የወረደበት መስመር ግድግዳው ላይ ጠቁሮ ይታያል። እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ። ጣውላው ጋ ደረስኩ፣ በጣቴ እየጠቆምኩ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በሁለት ወር ያልተቀየረው እሱ ብቻ ይመስል ነበር፤ እንደተደረደረ፣ ቀጥ ብሎ።

«ስድሳ አራት» አልኩ። «ሙሉ ነው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄ ኩራት ነበረበት።

ስንጥር ወደ መደርደሪያው ሄደች። መሐል ላይ ያለውን ጣውላ በጣቷ አንጓ አንኳኳች። ጆሮዋን አላስጠጋችም። እንደገና አንኳኳች። እኔ እንኳ በዚህኛው ሰማሁ፤ ድምፅ የለውም፣ ካርቶን እንደ መምታት ነው። አውራ ጣቷን ተጫነች። ጣቷ ገባ። ስታወጣው ቅርፊቱ ተቀደደና ውስጡ አፈር ሆኖ እግሯ ላይ ፈሰሰ፤ አፈሩ ውስጥ ነጫጭ ነገሮች ይራወጣሉ።

ቀለም ቀቢው ኮፍያውን አወለቀ፣ የሞተ ሰው ፊት እንደቆመ። ከዚያ ዱላውን ይዞ አንድ በአንድ እየመታ ሄደ። ከስድሳ አራቱ ለሥራ የሚሆን አሥራ አንድ ነው። ላይኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው የራቀው።

እገዛልሻለሁ አልኳት። ጡረታዬም ቢሆን፣ ቤቴም ቢሆን፣ ገበያ ውስጥ ካለው የተሻለውን እገዛልሻለሁ አልኳት።

«አሥራ አምስት ዓመት ከየት ይገዙልኛል አጎቴ?»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ጠበቃዋ ከዝርዝሩ አጠገብ የራሷን ወረቀት ይዛ ስትጽፍ ነበር፤ ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም።

ከመውጣታችን በፊት ስንጥር ያቺን ትንሽ መላጊያ አነሳች። ስለቷ ዝጓል። ከኪሷ ወረቀት አውጥታ፣ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈችና ፈርማ ሰጠችኝ። «ተራ ቁጥር አርባ አንድ፤ አንድ የእጅ መላጊያ፤ ከነዝገቷ ተረክቤአለሁ» ይላል። ቀልድ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። እንዳልጨነቅ ብላ ነው።

የባለቤቴን በርጩማ ይዤ ተመለስኩ። አንደኛው እግር መንገድ ላይ ወለቀ።

ነሐሴ 5

አልወጣሁም። በርጩማው በረንዳ ላይ በሦስት እግሩ ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቴ ታልፈዋለች፣ አታነሳውም፣ አትጥለውም።

ነሐሴ 6

ቀለም ቀቢውን ባስገባው ኖሮ። ግማሽ ቀን ነበር ያለው።

ብርድ ልብሶቹ ደጋግመው ይመጡብኛል። ነርሷ ከዚያ በኋላ ግምጃ ቤት አልመጣችም። ልጆቹ ምን ለብሰው እንዳደሩ ጠይቄ አላውቅም። የግምጃ ቤት ሥራ አልነበረም።

ነሐሴ 8

ፖስታውን ከፈትኩት። ከግንቦት 26 ጀምሮ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ መነጽሬን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ከአንድ ወር ወዲህ መጀመሪያ ያደረገችልኝ ነገር ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ የተነበበልን ነው። ሁለተኛው ገጽ አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል። እገለብጠዋለሁ፦

«ልጄ መሥራት በፈለገች ቀን ባለአደራው ሥራ ቤቱን ይከፍትላታል። መሣሪያውንም ጣውላውንም ለሥራዋ ታውለው። ባለአደራው ከአደራው ገቢ ጣራውን በየዓመቱ ያስደፍን፣ ምስጥ ያስከላክል። በአደራ ያስቀመጥኩት አታላይ እንዳይገዛባት፣ ዘመድ እንዳያሸጣት እንጂ እንዳትነካው አይደለም። ያልተነካ እንጨት ማገዶ ነው።»

ሦስተኛው ገጽ ላይ ከፊርማዎቹ በታች በእጁ የጨመረው አለ። ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሆስፒታል ሆኖ ነው የጻፈው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥለት ከነበሩት ቀናት በአንዱ ይሆናል።

«ጠበቃዬ ለምን ታላቅ ወንድምህን መረጥክ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ጊዜ አደራ የጎደለበት ሰው ሁለተኛ አያጎድልም። የሣጥኑን ነገር እኔ ከረሳሁት ቆይቷል፤ እሱ እንዳልረሳው አውቃለሁ። ይሄን ሲያነብ ይርሳው።»

ከሁለት ወር በላይ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ከአልጋዬ ሁለት እርምጃ።

አልፈተነኝም ነበር።

ነሐሴ 10

ጠበቃዋ ጋ ሄድኩ። አራቱን ፎቅ ሳልቆም ወጣሁ። ባለአደራነቱን ልልቀቅ አልኳት። መልቀቅ ይቻላል አለች፤ ፍርድ ቤት ሌላ ይሾማል። የጠፋው ግን ከመልቀቂያ ጋር አብሮ አይለቅም፤ ባለአደራ በቸልተኝነቱ ለደረሰው ጉዳት በራሱ ንብረት ይጠየቃል። ልጅቷ ትከሰኛለች ወይ አልኳት። ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጠይቄአታለሁ። አባቴ የመረጠውን ሰው አልከስም አለች።»

ብትከሰኝ ይሻለኝ ነበር። ለክስ መልስ አለኝ፤ ዝርዝር አለኝ፣ ማኅተም አለኝ፣ ምስክር አለኝ።

ነሐሴ 15

መደርደሪያዎቹ የሚረከቡበት ቀን። በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ፤ መንገዴ አልነበረም። የፋብሪካ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ካርቶን ያወርዳል። ሃያ ካርቶን። ቆጠርኩት።

ከዚያ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ቀለም ቀቢው ጣራው ላይ ነው፤ በዚያ እግሩ። ስንጥር አሥራ አንዱን ጣውላ ፀሐይ ላይ አውጥታ በየመሐላቸው ቁራጭ እንጨት እያስገባች ትደረድራለች። የቀረውን ሃምሳ ሦስቱን ጓሮ አቃጥለዋል፤ አመዱ ይጨሳል። ሁለቱን ቁልፎች ዘረጋሁላት። እጇ ጭቃ ስለነበር በአገጯ መስኮቱን አሳየችኝ፤ እዚያ አስቀመጥኩ። ልርዳሽ ወይ አልኳት። ቀና ሳትል፣ ጣውላውን እየገለበጠች፣ ልብስዎ ይቆሽሻል አለችኝ።

ሙሉ ልብስ ለብሼ ነበር። ለምን እንደለበስኩ አላውቅም።

ማታ እትዬ ደወለች። ሰፈር ውስጥ ወሬ ሰምታ ነው፤ እሳት ታይቷል፣ አንድ ነገር ተደርጓል ይባላል። እስከ መጨረሻው አዳመጥኳት። የምትዞረው አንዲት ጥያቄ ዙሪያ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አርባ አምስት ዓመት ስትዞራት ኖራለች።

«እውነቱን ንገረኝ፤ የጎደለ ነገር አለ?»

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። በእጇ በርጩማውና የወለቀው እግር አለ።

«ምንም አልጎደለም» አልኳት።

«ተመስገን» አለች እትዬ። «ስምህን አተረፍክ።»